በትንፋሽ የተሰፈረ ድርጎ

ሰው የማይሰፍረው ነገር የለም። እህሉን በቁና፣ መሬቱን በገመድ ይሰፍራል፤ ይሁን፣ እኔም ሰፍሬያለሁ። የሰውን ልፋት እሰፍራለሁ የሚል ሲመጣ ግን መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ እለዋለሁ። መዳፉ ላይ የዶማ ጠባሳ ከሌለ ሚዛኑን ይዞ ወደ መጣበት ይመለስ። ስለዚህ ነገር ረጋ ብዬ ማውራት አልችልም፤ አንባቢዬ፣ ትዕግሥቱ አንተ ዘንድ ይኑር፣ እኔ እንደሆነ የለኝም።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣውን መንገድ የሠራነው እኛ ነን፤ ሠሩት ሲባል የምትሰማው ግን ጣሊያኖቹን ነው። እነሱ ጥላ ሥር ቆመው ጣታቸውን ይቀስሩ ነበር፤ መቀሰርም ሥራ ከተባለ ይሁንላቸው። እኔን ከሮብ ገበያ አፍሰው ሲያመጡኝ እርሻዬ ገና አልታረሰም። ለድካማችን በቀን አንድ ጣሳ ዱቄት ድርጎ ይሰፈርልናል። ግማሿን እበላለሁ፣ ግማሿን አጠራቅሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትመጣው ለባለቤቴ ለአለሚቱ እሰጣለሁ። ሁለቱ ልጆቻችን በዚያች በግማሿ ነበር የሚኖሩት። ታዲያ ጣሳዋን እንደ ዓይኔ ብሌን ባያት ይፈረድብኛል?

አንድ አርብ ቀን ሐኪም መጣ፤ ዶቶሬ ነው የሚሉት። ንጹሕ፣ ሰላምታ አዋቂ ሰው ነው። ዛሬም የሚያናድደኝ ይኸው ጨዋነቱ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። የያዘው ቱቦ ያለው ትልቅ የጎማ ከረጢት ነው። ከመካከላችን ዳዊት የደገመ አንድ ሰው ነፍሳችንን ሊወስዱ ነው ብሎ አማተበ። አስተርጓሚው ግን አረጋጋን። እህል በሰው ሆድ ውስጥ እንደ እንጨት ይነዳል፤ ሰው ሲሠራ እሳቱ ይበረታል፣ ትንፋሹም ይበዛል፤ ስለዚህ ትንፋሹን በከረጢት አጠራቅሞ የለካ ሰው ስንት እህል እንደነደደ ያውቃል። የነደደውን ያህል ይሰፈርላችኋል አለን። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ከተለካማ ሁለት ጣሳ የማይገባው ማን አለ? ዶቶሬው የራሱን ምሳ በትንፋሽ ሲሰፍር አለማየቴ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ግን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ብዬ አለፍኩት።

ለመለካት የተመረጠው አያ ጥሩነህ ነው። የደምበጫ ሰው ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠናል፣ በጉልበት ደግሞ ብዙ ይበልጠናል። ኩራት እራቱ የሚባል ዓይነት ሰው ነው። አፍንጫውን በመቆንጠጫ ያዙት፣ ቱቦውን አፉ ላይ ገጠሙለት፣ ከረጢቱን አሳዘሉት፣ ድንጋይ አሸከሙትና ዳገቱን ውጣ አሉት። ወጣ። ወጥቶም ወረደ። እኛ ከረጢቱ አሁን ይነፋል፣ አሁን ይወጠራል ስንል፣ ተልፈስፍሶ ጀርባው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የጥሩነህ ፊት ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ፊቱን የለካው የለም።

በማግስቱ ድርጓችን ግማሽ ጣሳ ሆነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አቤት ብንል አስተርጓሚው መልስ አመጣልን። ያ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የተነፈሰው ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ እንግዲያው ሆዳችሁ ውስጥ ብዙ የሚነድ ነገር የለም፤ መሣሪያው ደግሞ አይዋሽም ተባልን። ዕለቱ አርብ እንደነበረ፣ ጥሩነህም እህል እንዳልቀመሰ መሣሪያው በየት በኩል ያውቃል? ባዶ ምድጃ ዳብሶ፣ ይህ ቤት እንጨት አያስፈልገውም ብሎ የሚፈርድ ሰው ሐኪም ይባላል? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። ይኼኛው ደግሞ አለመኖሩን በመሣሪያ አረጋገጠ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዶቶሬው ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ጥሩነህ ነው። ከበብነውና ምን ነክቶህ ነው ትንፋሽህን የዋጥከው አልነው።

«ጠላቴ ፊት እንደ ውሻ ላለክልክ?» አለን። «አባቴ ሲሞት እንኳ ባዳ ፊት አላለቀስኩም። እኔ ሲደክመኝ የሚያይ ጣሊያን የለም።»

ምን ትለዋለህ? ልብ ይነካል። ልብ ይነካል እንጂ አይጋገርም። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አለሚቱ መጥታ ስልቻዋን ዘረጋች፤ እኔ የያዝኩት እፍኝ አይሞላም። ስልቻዋን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችና፣ ልጆቹ ደህና ናቸው አለችኝ። ደህና አለመሆናቸውን ያወቅኩት ሳልጠይቃት ስትነግረኝ ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ ጥሩነህ አጠገቤ መጥቶ፣ እንግዲህ ምን ያቆየናል አለኝ። ቀድሞስ ምን ያቆየኝ ነበር፣ ያቺው ግማሽ ጣሳ አይደለችም? ጭጋግ በወረደበት አንድ ጧት ዶማችንን ጥለን ወደ ጮቄ ተራራ ተነሣን። ወታደሮቹ ነቁብንና ተከተሉን፤ ሥጋ የጠገቡ፣ ወይን የጠጡ ጎረምሶች ናቸው። ዳገቱ ሲበረታ ግን አንዱ ተቀመጠ፣ ሌላው ተንበረከከ፤ ተኩሰውም ሳቱን። እኛ ምን እንዳስሮጠን እግዜር ይወቅ፣ እህል እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። የአስታው ዛፍ ጥሻ ውስጥ ገብተን ስንሰወር ጥሩነህ በጀርባው ወደቀና እንደ ወናፍ ይተነፍስ ጀመር። ያ ሁሉ ትንፋሽ፣ ሐኪም በሌለበት ጫካ ውስጥ! በጥፊ ልለው አሰብኩ፤ እጄን የማነሣበት ትንፋሽ ግን እኔም አልነበረኝም።

አለሚቱንና ልጆቹን ይዤ ወደ ዘመዶቿ ደጋ ወጣሁ፤ ድንች እየቆፈርን ክረምቱን ተሻገርነው። ከመንገዱ ሥራ ሳያመልጥ የቀረ አንድ ያገሬ ሰው ኋላ ያጫወተኝ ግን ከሁሉም ይብሳል። ወታደሮቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሹማቸው ተቆጣ። ዶቶሬውንም አስጠርቶ፣ ግማሽ ጣሳ የሚበሉ ሰዎች ሥጋ የበሉትን እንዴት ሮጠው ያመልጣሉ ብሎ ጠየቀው። ዶቶሬው ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና ደመረ። በመጨረሻም ስሌቱ ላይ ስሕተት እንደነበረበት በሰው ፊት አመነ።

በማግስቱ የቀሩት ሰዎች ድርጎ ሩብ ጣሳ ሆነ።