ጎማ በቤት ሲቀየር

[በአውስትራሊያ ገጠር፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። የጓሮዋ ቆርቆሮ ቤት በሙቀት ትንጣጣለች። መርቪን ሞተር ሳይክሉን የወተት ሳጥን ላይ አስደግፎ፣ እስከ ክርኑ በሳህን ማጠቢያ ሳሙና ተለውሶ ተንበርክኳል። ጎረቤቱ ኮሊን በሩ ጋ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሐብሐብ ይገምጣል። አጠገቡ አንድ ከረጢት አለ።]

መርቪን፦ ዘጠና አምስት ዶላር! ጎማ ለመቀየር! ጋራዡ እንደዚያ ሲለኝ ኮፍያዬን አንስቼ ውልቅ!

ኮሊን፦ ሞተሩን እንዳለ ስለወሰድክ ነዋ። ጎማውን ብቻ ፈትተህ ብትወስድላቸው አርባ ነው።

መርቪን፦ አርባስ ለምን? እጅ የለኝም?

ኮሊን፦ አለህ። አንዱ ጣትህ ግን በፋሻ ታስሯል።

መርቪን፦ የጎማ ማውለቂያው ፌሮ አምልጦኝ ነው። አዲስ ስለሆነ እጄን አልለመደም።

ኮሊን፦ በስንት ገዛኸው?

መርቪን፦ ስልሳ። ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ኮሊን፦ [በጣቱ እየቆጠረ] ስልሳ… ጠዋት የቀደድካቸው ሁለት ካላማዳሪዎች፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት… እስቲ ሐብሐቡን ያዝልኝ፣ ጣት አነሰኝ።

መርቪን፦ አትቁጠር! ይሄ ትምህርት ነው። ሰው ለትምህርት ይከፍላል።

ኮሊን፦ ኧረ? እኔ ከፖስታ ቤት በጨረታ የገዛኋትን ሞተሬን ትናንት ጋራዥ አስገባኋት። እነሱ ዘይቱን ቀየሩ፣ ጎማውን ቀየሩ፣ እኔ ሻይ ጠጣሁ። ምንም ሳልማር ተመለስኩ።

መርቪን፦ እንዲህ ደንቁረህ የቀረኸው ለዚህ ነው።

ኮሊን፦ መርቪን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

መርቪን፦ አትጠይቅ! ከባዱ ሥራ አሁን ነው። [ጎማውን በጉልበቱ ተጭኖ ቸርኬው ላይ እያስገባ] አየህ፣ አዲስ ጎማ ግትር ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እንዲላላ ብዬ ነው። እንዴት እንደገባልኝ እይ! ቅቤ! ጋራዥ ያሉት ይህን ከየት ያውቁታል?

ኮሊን፦ ያሰጣኸው እዚህ በሩ ጋ ነበር?

መርቪን፦ ታዲያ ጨረቃ ላይ ላሰጣው?

ኮሊን፦ እንግዲያው እኔ የተቀመጥኩበት…

መርቪን፦ አውቃለሁ! ሳጥንህን ለሞተሩ ወስጄብሃለሁ። ያገኘኸው ላይ ቁጭ በል አልኩህ እኮ! ዛሬ ነው ወንበር የምታማርጠው?

ኮሊን፦ ኧረ ይመቻል። ትንሽ ያቃጥላል እንጂ። ብቻ መነጽርህን…

መርቪን፦ አረፋ በአረፋ ሆኗል፣ ተወው። ይህ ሥራ በእጅ ነው የሚታየው። ስማኝ ኮሊን። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሃምሳ ሞተር ሆስፒታል ለተኙት ሕፃናት አሻንጉሊት ጭኖ ሲነሳ፣ የገና አባት ልብስ ለብሶ ፊት ፊት የሚነዳው ማነው?

ኮሊን፦ አንተ። ጎማህ ከተቀየረ።

መርቪን፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጨረሻ ላይ ሆኜ የሰው ሞተር ጭስ ስውጥ ኖሬያለሁ! ዘንድሮ የልጅ ልጄ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። የጉዞውን አለቃ ግሌኒስን ደግሞ ታውቃታለህ። ሳንቲም ይዛ እየዞረች የእያንዳንዱን ጎማ ጥርስ ሳትለካ አታስነሳም። ጥርሱ ያለቀበትን ታስወጣዋለች፣ ልብሱንም ለሌላ ትሰጣለች። ስለዚህ እስክጨርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ከተቀመጥክበትም እንዳትነሳ!

ኮሊን፦ እንዳልነሳ?

መርቪን፦ እንዳትነሳ አልኩህ!

ኮሊን፦ እሺ። አንተ ካልክ።

[መርቪን እያለከለከ ጎማውን ይነፋል፣ ይገጥማል፣ ብሎኑን ያጠብቃል። ኮሊን የሐብሐቡን ፍሬ ጓሮ ላሉት ዶሮዎች እንትፍ እያለ ይተፋላቸዋል።]

መርቪን፦ አለቀ! ዘጠና አምስት ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ቀረች! በል አሁን ተናገር፣ ምን ነበር ጥያቄህ?

ኮሊን፦ ልነሳ?

መርቪን፦ ተነሳ እንጂ!

[ኮሊን ይነሳል። ከሥሩ የሱቁ ወረቀት እንኳን ያልተላጠለት አዲስ ጎማ ብቅ ይላል።]

መርቪን፦ [መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣ አንዴ መሬቱን አንዴ ሞተሩን እያየ] ይሄ… ይሄ ምንድነው?

ኮሊን፦ ወንበሬ ነዋ።

መርቪን፦ እና እኔ የገጠምኩት?

ኮሊን፦ ያው ጠዋት የፈታኸው፣ ጥርሱ ያለቀው ነው። እንደ ቅቤ የገባልህ እኮ ቤቱን ስለሚያውቀው ነው።

መርቪን፦ ጉድ ሆንኩ! ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል! ጋራዡ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው! ኮሊን፣ በእናትህ፣ ምን ይሻለኛል? ግሌኒስ ልብሱን ለሌላ ሰው ልትሰጥብኝ ነው!

ኮሊን፦ [ከረጢቱን እየፈታ] እሱን እንኳን አትጨነቅ። ሰጥታዋለች።

መርቪን፦ ለማን?

ኮሊን፦ [ቀዩን ሱሪ እያጠለቀ] ጠዋት ደውላ «መርቪን ጎማውን የት ነው የሚያስቀይረው?» አለችኝ። «ራሱ ነው የሚቀይረው» አልኳት። «በል ና፣ ልብሱን ውሰድ» አለችኝ።

[መርቪን አዲሱ ጎማ ላይ ዘጭ ይላል።]

ኮሊን፦ [ነጩን ጢም እያስተካከለ] ይመቻል አላልኩህም?