ሊቀ ማስረጃና አርባ ሦስቱ ስሞች

በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ የማያምን ሰው አለ። ዝም ብሎ የማያምነውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እኔ የምለው፣ እናንተ ለምን እንደምታምኑ ከእናንተ በላይ የሚያውቀውን ነው። ሰልፍ ላይ ያገኛችኋል፣ ሊፍት ውስጥ ያገኛችኋል፣ ጉንጫችሁን ይዛችሁ በጥርስ ሕመም ስታቃስቱ ያገኛችኋል። ሳታስቡት "ወይ ፈጣሪዬ!" ካላችሁ አለቀላችሁ።

የኛ ሆስፒታል ይህን ዓይነት ሰው ያገኘው በራጅ ክፍል በኩል ነው። እሳቸው ራጅ አንሺ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከበራቸው ፊት ለፊት ካርድ አወጣለሁ። "ማስረጃው የታለ?" ከአፋቸው ስለማይጠፋ "ክቡር ሊቀ ማስረጃ" የሚል ማዕረግ ሰጠናቸው። አልተቆጡም። "ይሄኛው ሹመት እንኳ በሥራ የተገኘ ነው" ብለው ተቀበሉት።

"ሠላሳ ዓመት የሰው ደረት አንስቻለሁ" ይላሉ። "ልብ አለ፣ ሳንባ አለ፣ አንዴ የተዋጠ ቁልፍም አግኝቻለሁ። ነፍስ ግን እስካሁን አላጋጠመችኝም።"

ሰው የሚያምነው በሦስት ምክንያት ነው ባይ ናቸው። አንደኛው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ልማድ፤ እናቱ አመነች፣ እሱም አመነ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ። "ስንፍና! ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ወደ ላይ ይወረውርና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።"

ያስቸገራቸው ቋንቋችን ነው፤ ያለ ፈጣሪ ሰላምታ እንኳ የለውም። "እንዴት አደሩ ጋሼ?" ስላቸው "ይመስገን" ማለት አይሆንላቸውም፤ "በጉበቴና በኩላሊቴ ትብብር ደህና ነኝ" ይላሉ። ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" እንዳይሉ "መስኮቱን ዝጋው" ይላሉ። አንድ ቀን ትንፋሽ ይያዙ የተባሉ ሽማግሌ በሹክሹክታ ጸሎት ጀመሩና ፊልሙ ደበዘዘ። ሊቀ ማስረጃ ፊልሙን ይዘው ኮሪደሩን ዞሩት። "ተመልከቱ! ጸሎት ጉዳት እንዳለው በራጅ ተረጋገጠ!"

አንድ ሰው ብቻ መርታት አልቻሉም፤ ክፍሉን የሚያጸዱትን እማማን። አሥራ ሁለት ዓመት ተከራከሯቸው። ሊቀ ማስረጃ ይናገራሉ፣ እማማ ወለሉን ይወለውላሉ። ንግግሩ ሲረዝም እማማ "እግርህን አንሣ ልጄ" ይላሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን እማማ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ራጁን ያነሡት ሊቀ ማስረጃ ራሳቸው ናቸው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት፤ ከዚያ ይዘውት ወደ ሐኪሙ ወጡ። የልብ ቀዶ ሕክምና ታዘዘ፤ ያውም ሌላ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል።

ሊሄዱ ሲሉ እማማ በልጅ ልጃቸው እጅ የተጻፈ የደብተር ወረቀት ከብብታቸው አውጥተው ለሊቀ ማስረጃ ዘረጉላቸው።

"ይቺን ያዝልኝ።"

"ምንድን ነች እማማ?"

"የሰዎቼ ስም ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እየጠራሁ እለምንላቸዋለሁ። እዚያ ማደንዘዣ ሲወጉኝ ይጠፉብኛል። እስክመለስ አንተ ጥራልኝ።"

"እኔ? ይሄ ሁሉ አማኝ እያለ?"

"አማኞቹማ ይረሱታል። አንተ ግን የያዝከውን ነገር ስትለቅ አይቼህ አላውቅም።"

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ከፊልም ማጠቢያ ክፍሉ የሊቀ ማስረጃን ድምፅ ሰማሁ። "አንድ፣ የዘበኛው ሚስት፣ ዓይኗ። ሁለት፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ መጠጡ..." አርባ ሦስቱንም ጠርተው ወጡና መስኮቴ ላይ ተደገፉ።

"ጨረስኩ። ግን ችግር አለ።"

"የምን ችግር?"

"እማማ ስሙን ጠርተው የሚያስረክቡት አካል አላቸው። እኔስ? ግድግዳው ሰማ፣ ከዚያ በኋላስ?" ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ተረካቢ ከሌለ ሥራው የኔ ነው ማለት ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የዚያኑ ቀን የዘበኛውን ሚስት ክንዷን ይዘው ወደ ዓይን ክፍል ወጡ፤ ሰልፉንም ራሳቸው ቆሙላት። ፀጉር አስተካካዩ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር ወደ መጠጥ ቤት የሚሻገረው፤ እሳቸው ዳማ ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁታል። መሸነፍ ስለማይወድ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይጫወታል። "ሰው የለኝም" የምትል አንዲት ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢም ነበረች። በሯን አንኳኩ።

"ማነው?"

"ከራጅ ክፍል ነኝ።"

"ራጅ አላዘዝኩም!"

በማግስቱ ተመለሱ፤ በሩ በትንሹ ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ወጣላቸው።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የተጻፈውን አንድ ቀን አሳዩኝ። "ራጅ አንሺው፣ ጨጓራው። ቁርስ እንዲበላ" ይላል።

"አየሽ? ስለ እምነቴ አንዲት ቃል የለም" አሉ፤ ድምፃቸው የንዴት ይሁን የሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። "አሥራ ሁለት ዓመት ተከራክሬያቸው ስለ ጨጓራዬ ይለምናሉ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ምን ያድርጉ?

ሠላሳ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። "የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ ከእህቷ ጋር።" እናታችን ስትሞት ማን አስታመመ፣ ማን ዘግይቶ ደረሰ ተባብለን እኔና እህቴ አራት ዓመት ተኮራርፈን ነበር። ሊቀ ማስረጃ የቢሮውን ስልክ አንሥተው ፊቴ አስቀመጡት።

"ደውይ።"

"ጋሼ፣ ይሄ የግል ጉዳዬ ነው።"

"እማማ አራት ዓመት በየጠዋቱ ሲጠሩሽ ከርመዋል። የግልሽ ብቻ አይደለም። ደውይ፤ ሠላሳ ሁለተኛው ይጠብቀኛል።"

ደወልኩ። እህቴ ድምፄን ለየችው። "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። እንባዬ ቀደመኝ። ሊቀ ማስረጃ መስኮቴን ዘጉና ለተሰለፈው ሰው "ሲስተም የለም!" ብለው ጮኹ። በሕይወታቸው ያለ ማስረጃ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጫማቸው አልቆ፣ ከንፈራቸው ደርቆ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ስንፍና የሚለውን ሰርዤዋለሁ" አሉ። "ሰው የሚያምነው የሚወዳቸው ሰዎች ከጉልበቱ ስለሚበዙ ነው። አርባ ሦስት ሰው ማን ይችላል? የሆነ ቦታ ማሳረፍ አለበት።"

"ታዲያ እርስዎም ሊያምኑ ነው?"

"ምን ሲደረግ! ደከመኝ አልኩ እንጂ አየሁ አልኩ?"

የእማማ ተራ ደርሶ ቀዶ ሕክምናው በሚደረግበት ጠዋት ዝርዝሩን ጠርተው ሲጨርሱ ፊልም ክፍሉ ጸጥ አለ። ገባሁ። ከወረቀቱ ግርጌ በራሳቸው እጅ አርባ አራተኛ ስም ጽፈዋል። ለካ እማማ ራሳቸውን አላስገቡም ነበር።

"ለዚህኛው የት ልሩጥ?" አሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ ልክ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ "እማማ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ የእማማ የልጅ ልጅ ደውላ "ነቅተዋል" እስክትል ድረስ የዚያን ቀን ሊቀ ማስረጃ ከማንም ጋር አልተከራከሩም።

እማማ በስድስተኛው ሳምንት ሊጠይቁን መጡ፤ ከስተዋል፣ ግን ደረጃውን በእግራቸው ወጥተውታል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ወሬውን ሰሙ። የዘበኛው ሚስት መነጽር አድርጋለች። ፀጉር አስተካካዩ ከጠጣ ወር ሊሞላው ነው። እኔና እህቴ ታርቀናል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ተመስገን! ይኸው ሰማኝ!"

የሮጠው ማን እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሊቀ ማስረጃ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

"ዋናው የእርስዎ መዳን ነው እማማ" አሉ።

እማማ ከብብታቸው አዲስ ወረቀት አወጡ። "አብረውኝ ተኝተው የነበሩ አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው። ትንፋሼ ገና አልተመለሰም፤ እነዚህንም አንተው ያዝልኝ። አንተ ስትጠራ ቶሎ ይሰማል።"

ሊቀ ማስረጃ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ስም ብቻ ምን ያደርግልኛል እማማ?" አሉ። "አድራሻ ይጨምሩበት እንጂ።"

እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ ከመስኮቴ ጀርባ ወጣሁና ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ።