ብርድን ግባ ያልኩ ለት

ሕልም አላይም ባይ ነበርኩ። ሰው ጠዋት ጠዋት «እንዲህ አየሁ፣ እንዲያ አየሁ» ሲል ጥጋብ ነው እያልኩ እስቅ ነበር። ትናንት ሌሊት ግን ለእኔም ደረሰኝ። ምነው ሳልተኛ ባደርኩ!

ነገሩ እንዲገባችሁ ከፊቱ ልጀምር። ሚስቴ ወርቅያንጥፉ፣ እህቷ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች። እኔ ክረምቱን እግሬን አሞኝ ተኝቼ ስለከረምኩ፣ የጓሮውን ባቄላ የዘራችው እሷ ናት፤ ያረመችውም፣ ከሰው በግ ጋር ስትጣላ የከረመችውም እሷ ናት። አበባውን አራግፎ እሸት ሊሆን ሲል ነው የሄደችው። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ጌጤነህ፣ ሌላ ምንም አልልህም፤ ባቄላዬን አደራ» አለችኝ። «ሂጂ ባክሽ፣ ባቄላ እግር የለው የት ይሄዳል?» አልኳት። ሬዲዮኑን ለአራሷ ማጫወቻ ብላ ይዛው ወጣች።

በሕልሜ ታዲያ በሬዲዮኑ ቦታ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮኑ ደግሞ ከታች በእኔ በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ ቆሎ ይቆረጥማል። ብድግ አለና ጆሮዬን ጠመዘዘኝ።

«ድምፅህን ጨምር እንጂ! የትንበያ ሰዓት ደርሷል።»

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት።

«እኔስ አውቄ ነው እንዴ ስናገር የኖርኩት?» አለና ደግሞ ጠመዘዘኝ።

አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። «እንደምን አመሻችሁ። ቀጥሎ የምናቀርበው የሰው ትንበያ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት በደጋማ አካባቢዎች የሚገኙ ሰዎች በከፊል ተክዘው ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ በጥቂት ቤቶች ነጎድጓድ የቀላቀለ ጭቅጭቅ ይኖራል። በቆላማ ቦታዎች አልፎ አልፎ ሳቅ ይጠበቃል።»

ለማን ነው የማወራው ብዬ በመስኮት ብመለከት፣ የሚያዳምጡኝ ደመናዎች ናቸው። እንደ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ጥቁር ደመና ለጎረቤቱ፣ «ነገ ሰው ይጥላል አሉ፤ ጃንጥላ ሳትይዝ እንዳትወጣ» ይለዋል። እውነትም ሁሉም ጃንጥላቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይዘዋል። የምንመጣባቸው ከታች ነዋ!

በዚህ መሀል ፀሐይ የገንፎ ዱቄት በጀርባዋ አዝላ በደጄ ስታልፍ አየኋት።

«ወዴት ነው እመቤት፣ በጠዋቱ?»

«አራስ ልጠይቅ ነው። እስክመለስ እንደምንም ቻሉት» አለችና ተራራውን ተሻገረች።

መንደሩ ድርግም አለ። አፌ አሁንም በራሱ ጊዜ ተከፈተ። «አስቸኳይ ማስታወቂያ! ከሰሜን ምሥራቅ የተነሣ ብርድ ዛሬ በመንደራችን ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይገባም። የሚገባው ግባ ያለው ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ጨዋነት እንዳያሳይ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ምን ልበላችሁ፣ መንደሩ ብልግና ሊማር ትምህርት ቤት ተሰበሰበ። አስተማሪው አጥር የሚጋራኝ ጎረቤቴ የሸዋንግዛው አህያ ነው። መነጽር አድርጓል፤ ጠመኔ ይዟል። ሸዋንግዛው ራሱ፣ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ የሚያባርረው ሰውዬ፣ ተነሣና «ጥፋ ከዚህ!» ብሎ ሲጮህ ግድግዳው ተነቃነቀ። መቶ ከመቶ አገኘ። ተራዬ ደረሰ።

«በል፣ ብርድ በር ላይ ቆሟል፤ ምን ትለዋለህ?» አለኝ አህያው።

«እ... ካላስቸገርኩህ... ብትሄድልኝ ደስ ይለኛል።»

«ወደቅህ» አለኝ። «የጨዋ ልጅ! አንተ ነህ የምታስፈጀን።»

ሮጬ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ተቀመጥኩ። ብርዱ ከላይኛው ቤት ጀምሮ ሲመጣ ይሰማኛል። በየደጁ «ጥፋ!» «ወግድ!» ይባላል። እኔ ደጅ ሲደርስ በስሱ አንኳኳ።

«አያ ጌጤ፣ ቤት ለእንግዳ።»

በቀዳዳ አየሁት። ከሲታ ሽማግሌ ነው። በዚያ ጨለማ ጋቢ የለው፣ ነጠላ የለው፤ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ባቄላው፣ ባቄላው እያልኩ ምላሴን ነከስኩ።

«ግድ የለም» አለ። «መንገደኛ ነኝ፣ አልፋለሁ። ደህና እደሩ።» ከዚያ ሳል አጣደፈው።

ያ ሳል ጨረሰኝ። ሰው በደጄ እየሳለ ሲያልፍ ዝም ያለ ከዘሬ የለም። አፌ ከእጄ አመለጠ።

«ኧረ ቤት የእግዚአብሔር ነው! ግባ!»

«አይ፣ አላስቸግርም» አለ።

ልብ በሉ፤ እምቢ ብሎኝ ነበር። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? እኔ ግን በሩን በርግጄ ወጣሁና ክንዱን ያዝኩት።

«በሞቴ!»

«አይሆንም፣ እሄዳለሁ።»

«በሞቴ ስልህ! አፈር ስሆን! እንዲህ ሆነህ ብትሄድ እኔ ሰው ነኝ?»

«እንግዲህ ካልክ» አለና ገባ። ምድጃው ውስጥ የነበረው እሳት ብድግ ብሎ እጅ ነሣውና ወጥቶ ሄደ።

የሚበላ ፈለግሁለት፣ የለም። የሚተኛበት ፈለግሁለት፣ መደቡ ለሽማግሌ አጥንት ድንጋይ ነው። አፈርኩ። አሁን የምነግራችሁን ስነግራችሁ እንኳ ሆዴ ይባባል። በገዛ አፌ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ጓሮ ባቄላ አለን፤ ለስላሳ ነው፣ እዚያ ጋደም በል» አልኩት። በገዛ እጄ መራሁት። እንዳይወጋው ባቄላውን ጎንበስ ጎንበስ አድርጌ አነጠፍኩለት። ብርዱ ተዘረጋበትና «እፎይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ባቄላዎቹ መጀመሪያ አንሾካሾኩ። ከዚያ አንዱ፣ «ጌጤነህ፣ በረደን» አለኝ። ሌላው፣ «ወርቄ የት አለች?» አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ወርቄ፣ ወርቄ ማለት ጀመሩ። ሰውዬውን ተነሥ እንዳልለው እንግዳ ነው። እንግዳ ከመኝታው እንዴት ይቀሰቀሳል? እጄን አጣጥፌ ቆሜ እያየሁ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ቀና ስል ወርቅያንጥፉ አጥሩ ላይ ቆማለች።

«እንግዳ ተቀበልክ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ደግ አደረግክ። እንግዳ አይመለስም።»

ብትሰድበኝ፣ ድንጋይ ብታነሣብኝ ግልግል ነበር። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ባቄላው ላይ ጣል አደረገች፤ ሬሳ እንደሚሸፈነው። ነጠላው ለሁሉም አልበቃም። ጎትታ ወደዚህ ስታመጣው ከዚያ ይገለጣል፣ ወደዚያ ስትወስደው ከዚህ ይገለጣል። ቀኑን ሙሉ ስትጎትት ዋለች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። ሁለተኛ፣ ማንም ይምጣ ማን፣ በሬን ለሰው ብከፍት ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

በሩ ተንኳኳ።

ነቃሁ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ላብ አጥምቆኛል፣ በሩ ግን እውነትም ይንኳኳል።

«አያ ጌጤ! ቤቶች!» ይላል፤ በብርድ የታነቀ ድምፅ ነው።

ሕልሙ ገና ከዓይኔ አልወጣም። ያኛውም አያ ጌጤ ብሎ ነው የጠራኝ። መጣህ? አልኩ በሆዴ። አሁንስ አታገኘኝም። ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ደበደበ፣ ተጣራ፣ ሳለ። ሲስል አንዴ ልቤ ሸርተት ሊል ነበር፤ ጋቢውን ነክሼ ቻልኩት። በመጨረሻ ሄደ። ኮራሁ እኮ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨካኝ ሆንኩ ብዬ፣ የወርቄን አደራ ጠበቅሁ ብዬ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስወጣ መንደሩ በጭስ ታፍኗል። በየጓሮው የኩበትና የእርጥብ ገለባ ክምር ይጨሳል፤ ከጭሱ ሥር የሰው ባቄላ ለምለም እንደሆነ ቆሟል። የእኛ ጓሮ ብቻ ጭስ የለበትም። ውርጩ ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል፤ ፀሐይ የነካው ዳር ዳሩ ደግሞ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሯል። አንዱን እሸት ቆርጬ ብጨምቀው ውኃ ሆነ። ወርቄ ከሰዓት በኋላ በሚመጣው መኪና ትገባለች።

ሸዋንግዛው ከአጥሩ ማዶ ዓይኑ በጭስ ቀልቶ፣ እየሳለ መጣ።

«ኧረ አያ ጌጤ፣ ምን ጉድ ነው?» አለኝ። «ማታ በሬዲዮ ውርጭ ይወርዳል ቢባል መንደሩ ሲያጨስ አደረ። ላንተም ኩበት ተሸክሜ መጥቼ በርህን ብደበድብ፣ ብደበድብ፣ ድምፅ የለም! አጥሩን ጥሼ ላጭስልህ አልኩና፣ ባለቤቱ በሌለበት ነውር ነው ብዬ ተመለስኩ። ቤት አልነበርክም እንዴ?»

«አልነበርኩም» አልኩት።