ጊታሬ በጆንያ ተሰፍታ የበረረች ዕለት

ሰሊጥ የተሸከመን ሰው "ምን ተሸክመሃል?" ብሎ የሚያስቆመው የለም። ፍየል አንገቱ ላይ የጣለውን፣ አልጋ በራሱ ላይ ደፍቶ ገበያ የሚያቋርጠውንም መንገድ ይለቁለታል እንጅ አይጠይቁትም። ጊታር የተሸከመ ግን ላገሩ ሁሉ መልስ ሰጭ ነው። "ይሄ ነገር ይጮኻል?" ይሉታል። "እስቲ አንዴ ነካ ነካ አድርገው" ይሉታል። "ቆይ፣ ሥራ የለህም?" የሚለው ደግሞ የወላጆች ጥያቄ ነው።

እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ጊታር ያስተማረኝም ስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርት ቤቴ ይዘጋል፣ ሲመለስ ይከፈታል። እንዲህ ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፦ ዕውቀቱን የሚጠይቀው ስለሌለ ሰው እያስቆመ ያስረዳል። ይቅር በሉኝና እናንተንም አስቁሜያችኋለሁ።

አዲስ አበባ ካለ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግቢያ ፈተና ተጠራሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉት ነገ ዝግ ነው። ሐጂ "ከጎንደር በአየር ነው የምትሄድ" አሉ። "ወላሂ በመኪና ከሄድህ የምትደርሰው መምህራኑ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው።" ትኬቱንም ራሳቸው ቆረጡልኝ። አላህ ይስጥልኝ ብዬ ጉልበት ልስም ጎንበስ ካልሁበት ቀና ሳልል ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። እኔስ በረርሁ፤ ጊታሬስ? ከስስ የጨርቅ ከረጢት በቀር ልብስ የላትም። አንገቷ ቢሰበር ሌላ ጊታር የለኝም፤ ጊታር ከሌለ ደግሞ ፈተና የለም፤ ፈተናው ካመለጠኝ እስከ ከርሞ ስልክ መፈታታት ነው።

በእኛ አገር መቸም ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ነገር ሁሉ በጆንያ ነው የሚሄደው። ጆንያ ያልገባ ነገር መንገድ የጀመረ አይመስለንም። የሐጂ የሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ሰፊ አያ ሙሉ ይባላል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም መጥቶ ቆላው ያስቀረው ሰው ነው። ጊታሯን ሲያያት እንደታመመ ልጅ ዳበሳት። እኔ በበኩሌ ክሯን አላልቼ፣ ለምን እንደማላላው አስረዳሁት፦ ክር ሲከር አንገት ይስባል፣ በጉዞ ላይ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት ደግሞ... አያ ሙሉ አልሰማኝም። ፍሬው ያልወጣ ጥጥ በጆንያ ግጥም አድርጎ ሞልቶ፣ መሀሉ ላይ እሷን አስተኝቶ፣ አፉን በሲባጎ ደራርቦ ሰፋው። "በል፣ ከሰማይ ብትወድቅ እንኳ እሷ ትተርፋለች" አለኝ። "እኔስ?" ብለው፣ "አንተንማ አልሰፋሁህ" አለ።

ጆንያው አውቶቡስ ላይ ክብር አገኘ። ማንም ምንድን ነው አላለኝም። እንዲያውም አንዱ ተሳፋሪ ጥጥ መሆኑን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ካረጋገጠ በኋላ ሊቀመጥበት ሲል የጮኽሁት ጩኸት እስከ ጎንደር መቀለጃ አደረገኝ።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግን የጆንያው ክብር አበቃ። ፈታሿ ልጅ የማሽኑን መስኮት አየት፣ እኔን አየት፣ ደግማ መስኮቱን አየት አደረገችና "ክፈተው" አለችኝ። በምን ልክፈተው? አስቡት እስቲ፤ ስለት ይዞ መግባት ክልክል በሆነበት ቤት ውስጥ፣ ያለ ስለት የማይከፈት ዕቃ ይዣለሁ! ይህን ላስረዳት ሞከርሁ። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ክሩ መላላት አንድ በአንድ ስዘረዝርላት፣ ኋላዬ ያለው ሰልፍ እየረዘመ፣ ሰዓቱም እየሄደ፣ "ወንድሜ፣ ተሳፋሪ ነህ ወይስ አስተማሪ?" አለችኝ። ልቧ ግን መልካም ነው። ከተሳፋሪ የተነጠቀ ነገር ከሚጠራቀምበት ሣጥን አንዲት መቀስ አውጥታ ሲባጎውን በራሷ እጅ ቆረጠችልኝ።

አያ ሙሉ ጥጡን በጉልበቱ አጭቆት ኖሮ፣ አፉ ሲከፈት ጆንያው ተነፈሰ። ጥጡ በወለሉ ላይ፣ በሰዉ ጫማ ላይ፣ በአንድ ባለ ጥቁር ሱፍ ሰውዬ ትከሻ ላይ አረፈ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ሰበርሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፈሰስሁ እንጅ ብቻዬን አልለቀምሁም። ባለ ሱፉ ሰውዬ ጎንበስ አሉ። ፈታሿም ጎንበስ አለች። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አንዲት እናት መሬት ቁጭ አሉና "አቤት የቆላ ጥጥ! እንዲህ ያለውን ካየሁ ስንት ዘመኔ!" እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ሰበሰቡት።

ሲባጎው ከተቆረጠ ወዲያ ጆንያውን መልሶ የሚሰፋ የለም፤ አሁን ጊታሯ ዕርቃኗን ቀረች። ትኬት የምታየው ልጅ እንዲህ ሆና ከሻንጣ ጋር ብትጫን ለመሰበሯ ኃላፊነት አንወስድም አለች። እጅ ላይ ልያዛት ብላት፣ የእጅ ሻንጣ ይዘሃል፣ ሁለት አይቻልም አለች። ማስረዳት አቃተኝ። እኔ! ማስረዳት! ፈተናው ከፊቴ ሲሄድ ታየኝ።

ይሄኔ ነው እኒያ እናት ጣልቃ የገቡት። "እኔ ምንም አልያዝሁም፣ ይች የእኔ ናት" አሉ። ልጅቱ ሳቋን አፍና "እማማ፣ ጊታር ይጫወታሉ?" ብትላቸው፣ "ምን ቸገረሽ፣ በእርጅናዬ ብማር!" አሏት። ባለ ሱፉ ሰውዬ ሳቁ፣ ሰልፉ ሳቀ፣ ልጅቱም ሳቀችና አሳለፈችን። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ አስተናጋጇ "የእማማ ጊታር የታለች?" ብላ ተቀብላ፣ ከፊት ካፖርት ከሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ አቆመችልን። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ለእኔ ይህን ሁሉ ሲሆኑ ምን አደረግሁላቸው? ጥጥ በተንሁባቸው።

እማማን ለማመስገን ያለኝ ነገር ዕውቀቴ ብቻ ነበርና፣ ጎናቸው ተቀምጬ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሣ አስረዳቸው ጀመርሁ። ነፋሱ ከክንፉ በላይ እንዲህ ሲሄድ፣ ከታች እንዲህ ሲገፋ እያልሁ፤ እጄ ግን የወንበሩን መደገፊያ አንቆ ይዟል፤ እኔም ገና የመጀመሪያዬ ነዋ። እማማ ጭናቸው ላይ ጥጡን ይዘው ፍሬውን በጣታቸው እየለቀሙ "ልጄ፣ መብረሩ እኮ አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ ያንተ ማስረዳት ነው" አሉኝ። ደመናው ላይ ስንወጣ እጄን ከመደገፊያው ላይ አላቅቀው ያዙልኝ።

አዲስ አበባ ጊታሬ ጭረት ሳይነካት ገባች። በማግሥቱ ክሯን አጥብቄ፣ ቃኝቼ፣ ወልውዬ፣ ስሜ ሲጠራ ታቅፌያት ገባሁ። ፈታኙ መምህር በትሕትና "እሷን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣት" አሉኝ። ለካ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ተፈታኝ ሁሉ የሚጫወተው በትምህርት ቤቱ ጊታር ነው! የእኔዋ ወንበሯ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ እንደ ክብር እንግዳ ተቀምጣ አዳመጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ተቀብለንሃል አሉኝ።

ለሐጂ ስደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውት ኖሮ መጋዘኑ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል አያ ሙሉ ስልኩን ነጠቀ። "አንተስ አለፍህ፤ እሰይ። ያች የሰፋኋት ጊታርስ? እነዚያ ምሁራን ፊት አላሳፈረችንም?"

ምን ልበለው? እኔ፣ ሁሉን ካላስረዳሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ማስረዳቱን ተውሁት።

"አያ ሙሉ" አልሁት፣ "አንዲት ስሕተት አልሠራችም።"