የጋሽ ሚዛን መቶ ኪሎባይት

በየሰፈሩ በኢንተርኔት ለሚላክ ማመልከቻ የፎቶ ፋይል የሚያሳንስ አንድ ሰው አለ። መብራት ቢጠፋ፣ ውኃ ቢቆም ሰፈሩ እንደምንም ይኖራል፤ እሱ ጉንፋን ከያዘው ግን የማንም ማመልከቻ አይገባም። የእኛውን ክቡር ሰው ጋሽ ሚዛን እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ጭነት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ፣ ላፕቶፓቸው ፊት ተሰይመው የእኛን ፊት ይመዝናሉ።

ሌላ ሰው «ፎቶው ከመቶ ኪሎባይት አይብለጥ» የሚል ትእዛዝ ሲያይ ስልሳ ላይ ጥሎት ይገላገላል። ለጋሽ ሚዛን ስልሳ ስድብ ነው። «አርባውን ለማን ትተህለት ነው? የተፈቀደልህን ጥለህ አትሂድ!» ይላሉ። ጎረቤታችን አናጢው ለሥራ ሲያመለክት «በሰማንያው ልሂድ» ብሎ ቢለምናቸው፣ «ሂድ፤ አንድ ጆሮህን ግን እዚህ ትተህ እንደሄድክ እወቀው» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ። ልጄ ለነርስነት ትምህርት እያመለከተች ነበር፤ ምዝገባው ደግሞ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ይዘጋል። የቀራት ፎቶ ብቻ ነው። ይህ ካመለጣት ዓመቱን ሙሉ ቤት መቀመጧ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉልን፤ ሊዘጋ ነው።»

«አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ።

የፎቶውን ጥራት የምትቀንሰዋን መቆጣጠሪያ በጣታቸው ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ መለስ ያደርጓት ጀመር። ሰባ መጣ።

«በቃ፣ ይላኩት!»

«ምን ሆነሃል? ቅንድቧ ገና ነው እኮ።»

ሰረዙት። ቀጥሎ መቶ አራት መጣ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ፣ ቀኑ ሁሉ የእሳቸው የሆነ ይመስል፣ ቀስ ብለው ጠረጉ። ከዚያ ዘጠና አንድ። እሱንም ሰረዙት። ልጄ ጥፍሯን ትቆረጥማለች፤ የእኔ ደም ፈልቷል። የምዝገባው ገጽ ሊዘጋ መሆኑን በቀይ ጽሑፍ ማስጠንቀቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። «አንተማ ታውቃታለህ። እነዚያ ሰዎች ግን ከዚህች ፎቶ በቀር ምኗን ያውቃሉ? ደብዝዛ ትግባልህ?»

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ላኩት። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለው ሲመጣ ልጄ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ልንወጣ ስንል ላፕቶፓቸው ቦታ እንደሞላበት የሚናገር ማስታወቂያ አወጣ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበርና፣ «የማይፈልጉትን ያጥፉ እንጂ ጋሼ!» አልኳቸው።

አንድ ፎልደር ከፈቱ። የሕንፃው ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ሥራ ያገኘውም፣ ትምህርት የገባውም፣ አገር ለቆ የሄደውም፣ የአንዳቸውም ፎቶ ሳያንስ፣ ልክ እንደተነሱ። የልጄም ትልቁ ፎቶ ከመጨረሻው ረድፍ ገብቷል።

«ትንሿን ለእነሱ ሰጠናቸው» አሉ፤ «ሙሉዋ እኔ ጋ ትቀመጥ። በል እስቲ፣ ከእነዚህ የቱን ነው የማልፈልገው?»

አመስግኜ ልጄን ይዤ ወደ ቤታችን ወጣሁ። እኚህን ሰውዬ ከልቤ እወዳቸዋለሁ። የትንሹ ልጄ ተራ ሲደርስ ግን በራቸውን የማንኳኳው ገና ጎህ ሲቀድ ነው።