አምስት ላም በአንድ ደጅ

ደቻሳ የላሟን ቀንድ ይዞ አልለቅም አለኝ። እኔ ገመዱን እስባለሁ፣ እሱ ይለምነኛል፣ ላሟ መሃል ቆማ ሁለታችንንም ትታዘበናለች። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ መውረጃው ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሣር አጭዶ ያበላት እሱ ነው፤ ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃ ስትወልድ እንካፈላለን። ምን አጠፋሁ ጋሼ አለኝ። ምንም፤ ላሜን ስጠኝ አልኩት። ከዚያ በላይ መናገር አልወድም። ዝም የሚል ሰው አስተዋይ ይመስላል፤ በዚህ ስንቱን አታልያለሁ!

ላሜን አልኩ እንጂ ላሟስ የሚስቴ የአስካለ ናት። አምስት ላም ከአባቷ ወርሳለች። አማቴ አንዷን ሱሉልታ፣ አንዷን ኮተቤ፣ አንዷን ለገዳዲ ሰው ዘንድ አኑረው ሁለቱን ብቻ ደጃቸው ያስሩ ነበር። እኔን ግን ይህ መበታተን አልጣመኝም። ሀብት ማለት ደጅ ቆሞ የሚታይ አይደል እንዴ? የየካ ሚካኤል ንግሥ ደርሷል፤ ያ ሁሉ ሰው በደጄ ሲያልፍ አምስት ላም ቢያይልኝ ምን አለበት? አስካለ፣ አባቴ ያለ ነገር አልበተናቸውም፣ ተው አለችኝ። ዝም አልኳትና ሰበሰብኳቸው።

አልዋሽም፣ ታዩልኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩ።

በሳምንቱ አባ ሰንጋ ገባ። ዓርብ ሁለቱ፣ እሑድ ሦስቱ ሞቱ። በሽታው ከቤት ቤት መዞር እንኳ አላስፈለገው፤ ሁሉንም አንድ ደጅ አሰልፌ ጠብቄዋለሁ። አስካለ ማለቢያውን አጥባ ሰቀለችው። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ባንክ የሚሠራ ጎረቤታችን ሊያጽናናኝ መጣ። ትልልቆቹ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን አንድ ቦታ አያኖሩም አለኝ፤ ከስኳሩም፣ ከሲሚንቶውም፣ ከቢራውም ትንሽ ትንሽ አክሲዮን ይገዛሉ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። እንዴት ያለ ማጽናኛ ነው! ይህንኑ አማቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ሠርተውት ነበር። እኔም ፊደል ሳልቆጥር አፈረስኩት።

አስካለ ወተት ከሰው መለመን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆነ። ሐፍረቴን ውጬ ደቻሳ ዘንድ ሄድኩ። በድርሻው የደረሰችውን ጊደር አሳድጎ፣ ሌላም ገዝቶ ባለ ሦስት ላም ሆኗል። አሁን ደግሞ እኔ ሣር አጫጅ፣ እኔ ጠባቂ ልሁንልህ፤ ላሞችህን እኔ ዘንድ አኑር አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሬ አላውቅም። መሬት መሬት እያየ፣

«አንዷን ይውሰዱ ጋሼ» አለኝ፤ «ሁለቱን ግን ሌላ ሰው ዘንድ አኖራለሁ፣ አይቀየሙኝ።»