ማዕዘን ላይ የቆመው ስልክ

የመምህሩ እጆች ሥራ ላይ ናቸው። ግራ እጃቸው ስልኩን ከአንድ ወፍራም አሮጌ አትላስ ሽፋን ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ በፀጉር ማስያዣ ላስቲክ አንዴ በላይ አንዴ በታች እያዞረ ያስረዋል። ላስቲኩ ከአንዷ ተማሪ የተወሰደ ነው፤ ትንሽ ቀይ አበባ አለበት። አስረው ሲጨርሱ አትላሱን እንደ ድንኳን ገርበብ አድርገው ዴስኩ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው የስልኩን ዓይን እፍ እያሉ ይጠርጉታል፤ የሕፃን አፍንጫ የሚያጸዱ ነው የሚመስሉት። በመጨረሻም ከፊታቸው አፍንጫቸው ብቻ እስኪቀር ድረስ ተጠግተው ይጮኻሉ።

«ይሰማል? ይታያል? ተመስገን! እንቀጥል።»

እኔና የልጅ ልጄ በዚህኛው ጫፍ፣ እቤታችን አልጋ ላይ ሆነን፣ አፍንጫው ከስልኩ የሚወጣ እየመሰለን ወደ ኋላ እንላለን።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የለም። ዘመን አዲስ መሣሪያ ባመጣ ቁጥር ሌላው ሰው መሣሪያውን ይማራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን መሣሪያውን ያስተምረዋል። ሰዓት ማክበርን፣ ሲጠሩት አቤት ማለትን፣ ሰው ሲናገር ዝም ማለትን ያስተምረዋል። መሣሪያው እንቢ ቢለው አያስጠግነውም፤ ይመክረዋል። ምክሩን ካልሰማ ይቆጣዋል። የሚገርመው፣ አንዳንዴ መሣሪያው ይሰማዋል። የእኛው ሊቀ ስልክ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ግን ብያቸው አላውቅም።

ነገሩ የመጣው የልጅ ልጄ ሚጣ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ጭኗን በተሰበረች ጊዜ ነው። ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ገብታ አልጋ ላይ ዋለች። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደርሶ ነበር። ትምህርቱ ካመለጣት ፈተናው ሊያመልጣት፣ ፈተናው ካመለጣት ክፍሉን ልትደግም ነው። ጓደኞቿ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጡ እሷ ከታናናሾቿ ጋር ታች ልትቀር። ልጅቱ ለስብራቱ ብዙም አላለቀሰችም፤ ለዚህኛው ግን ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ስለምትውል ስልክ ያዥነቱ ቤት ለምውለው ለእኔ ደረሰኝ።

ሌሎቹም መምህራን ዝም አላሉም፤ ሐሜት አይሁንብኝ። የሒሳቡ መምህር ትምህርታቸውን በቪዲዮ እየቀረጹ ይልካሉ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው አንድ እጅና አንድ ጠመኔ ነው። ሚጣ «አልገባኝም» ብትለው እጁ ዞር ብሎ አያያትም፤ መጻፉን ይቀጥላል። የኬሚስትሪዋ መምህርት ደግሞ ግሩፕ ከፍተው ፋይል ያዘንባሉ። ማን እንደከፈተው፣ ማን እንዳነበበው የሚጠይቅ የለም። ዝናብም የወረደበትን ደጅ አይጠይቅም።

ሊቀ ስልክ መቅረጽ አያውቁም። ፋይል መላክም አያውቁም። የሚያውቁት ተማሪ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳለው ብቻ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን ስልክ ወደ እኔ ስልክ አስደውለው፣ ፊት ለፊት የሚያሳየውን በተማሪዎች እርዳታ ከፍተው፣ በሚጣ ቦታ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጡት። በቃ፣ ለእሳቸው ልጅቱ ገብታለች።

በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ጠየቋት። «ተነሽና መልሺ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «መምህር፣ እግሯ እኮ ተሰብሯል!» አለ አንዱ።

ሊቀ ስልክ ጠመኔያቸውን እያሽከረከሩ ጥቂት አሰቡ። «እግሯ ተሰበረ እንጂ ሥርዓቷ አልተሰበረም። እሷ መነሳት ካልቻለች ስልኩ ይነሳላት!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚጣ መልስ ባላት ቁጥር አብራት የምትቀመጠው ልጅ አትላሱን ይዛ ብድግ ትላለች። እኛ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የማይበራውን አንዱን ረጅም አምፖል፣ ከዚያ የልጆቹን አናት እናያለን። ሚጣ መልሳ ስትጨርስ «ተቀመጪ፣ ጎበዝ» ይባላል፤ አትላሱም ይቀመጣል። ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት መሳቅ ተዉ።

የእኔ ፈተና ሌላ ነበር። እኔ ሰው ፊት መውጣት አልወድም። ስልኩን ይዤ ከጎን እደበቃለሁ። እሳቸው ግን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ ይቀድማል ባይ ናቸው።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ወገብዎ ተሻለዎት?»

«ይመስገን፣ ተሽሎኛል።»

«ወደ ኋላ አይሽሹ እንጂ! ግማሽ ጆሮዎ ብቻ ነው የሚታየን።»

ክፍሉ በሙሉ የወገቤን ነገር እየሰማ እንዴት ፊቴን አሳያለሁ? ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ ብቅ ብዬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን በጥያቄ መሐል ሚጣ ከትራሷ ስትንሸራተት አይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሚጣዬ፣ ከፍ ላድርግልሽ?» አልኳት። ለካስ ከንፈሬ ታይቷል።

«እማማ! አይንገሯት!»

እኔ! ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዤ የማላውቀው ሴትዮ፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ልነግራት! ፊቴ በርበሬ መሰለ። ሚጣ በበኩሏ የቤት ስሟን ክፍሉ ሁሉ ስለሰማባት አኮረፈችኝ፤ ከዚያ ወዲህ መምህሩም ሚጣ ይሏት ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እኔ ግን ትንሽ ኮርቼ ነበር የዋልኩት። ታውቃለች ተብዬ ተጠርጥሬ አላውቅማ።

ስለ መሬት መዞር ያስተማሩበት ቀን ደግሞ አለ። መጋረጃውን አስዘጉና አንዱን ልጅ ባትሪ አስይዘው መሐል ላይ አቆሙት። «አንተ ፀሐይ ነህ፤ እንዳትነቃነቅ።» ከዚያ አትላሱን አንስተው «ሚጣ፣ አንቺ መሬት ነሽ» ብለው ስልኩን በቀስታ ማዞር ጀመሩ። ክፍሉ የሚያየው የሚዞር ስልክ ብቻ ነበር፤ እኛ ግን መሬቱ ውስጥ ነበርን። ብርሃኑ በአንዱ ጠርዝ ብቅ አለ፣ በፊታችን አለፈ፣ በሌላው ጠርዝ ገባ፤ ጨለመ። እንደገና ነጋ። ሚጣ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ «አዞረኝ!» እያለች ትስቃለች። ባትሪ የያዘው ልጅ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ገባች እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር የምዞረው እኔ መሆኔን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። «ይታያል?» አሉ እሳቸው። ታይቷል።

አንድ ማክሰኞ ሚጣና አብራት የምትቀመጠው ልጅ ትምህርቱ መሐል ሲንሾካሾኩ ተያዙ። ሊቀ ስልክ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «ሚጣ፣ ማዕዘን!» ብለው አትላሱን አነሱና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ግድግዳ ስናይ ቆየን። እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። አንዱ ሰው ማስቲካ ለጥፎበታል። ከማስቲካው በላይ አንዲት ጉንዳን ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

«አያቴ፣ ግድግዳ ብቻ ነው እኮ የሚታየኝ!»

«ቅጣት ማለት እሱ ነዋ ልጄ።»

እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። ፊቷን ሳየው ፈክቷል። ከተሰበረች ጀምሮ ቤታችን የገባ ሁሉ «እኔን፣ አይዞሽ» ሲላት፣ ከንፈሩን ሲመጥላት ሰንብቷል። የተቆጣት አልነበረም። ያን ቀን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

አሁን የሊቀ ስልክን ትልቁን እምነት ልንገራችሁ። እሳቸው ስልክ በግንባሩ ከተደፋ ይዘጋል ብለው ያምናሉ። ደወል ሲደወል ላስቲኩን ይፈታሉ፣ ስልኩን መዳፋቸው ላይ ይደፉታል፣ «ተዘጋ» ይሉና ኪሳቸው ይከቱታል። አልተዘጋም። ኪሱ ይጨልማል እንጂ ወሬው እንዳለ ነው። የሰው ገመና መስማት ነውር ስለሆነ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ጣቴ ግን ቀርፋፋ ነው። እስክዘጋው ድረስ ቁልፎች ሲንሿሹ፣ አንዳንዴም ከአንዱ መምህር ጋር ሲሟገቱ ትንሽ ይሰማናል።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ጣቴን ልጭን ስል ከኪሱ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«መምህር፣ ልጅቱን ለፈተና ማስገባት አንችልም።»

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ጣቴ እንዳለ ቀረ። ሚጣ ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ለምን ሲባል?»

«መዝገቡ ላይ ቀሪ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ክፍል አልገባችም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዳይሬክተሯ ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው።

«ቀሪ?» አሉ ሊቀ ስልክ። «ማክሰኞ ማዕዘን አቁሜያታለሁ እኮ! ቀሪን ልጅ ማን ይቀጣል?»

«ያቆሙት ስልክ ነው፣ መምህር።»

«ስልኩ ምን አጥፍቶ? እኔ በሐሰት ስልክ የምቀጣ ሰው ነኝ?»

ለጥቂት ጊዜ የኪሱ ጨርቅ ሲፋተግ ብቻ ተሰማ። ዳይሬክተሯ ሳቃቸውን እየዋጡ ይሁን ንዴታቸውን፣ አልለየሁም።

«ተማሪዎቹን ይጠይቁ» አሉ እሳቸው ቀጥለው። «ተነሽ ስላት ስትነሳ፣ ተቀመጪ ስላት ስትቀመጥ ነው የከረመችው። ከፊት ረድፍ ከሚያንቀላፉት ይልቅ እሷ ተገኝታለች። የእነሱን መኖር ማን መረመረ?»

«እሺ፣ ፈተናውንስ ማን ይቆጣጠራል? አያቷ?»

«ኧረ አያቷማ ነግረው ይጨርሱላታል!»

ሚጣ ብርድ ልብሱን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ኪስ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየኝ ይመስል።

«እኔ ራሴ እቤቷ ሄጄ እፈትናታለሁ። የሁሉንም ትምህርት ወረቀት ይስጡኝ፤ በየቀኑ ከሥራ በኋላ፣ የመጨረሻውን ቅዳሜ።»

ዳይሬክተሯ መዝገቡን ሲከድኑ ተሰማ።  

«በእርስዎ ኃላፊነት» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞ ስልክዎን ይዝጉት፣ ኪስዎ ውስጥ የሆነ ሰው ያስነጥሳል።»

ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ዘጋሁት።

እንዳሉትም መጡ። እስከዚያ ድረስ ከደረት በላይ ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ ደጃፋችን ላይ ሲቆሙ እግር እንዳላቸው አየሁ። አንዱ የሱሪ እግር ከሌላው ያጥራል፣ ጫማቸው ላይ ጠመኔ ተበትኗል። ሰላምታቸው እንደ ልማዳቸው ረጅም ሆነ። ወረቀቱን ሲያወጡ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ደጅ ይቆዩልን። በእርስዎ ላይ እምነት የለኝም።»

ወጣሁ። በየቀኑ ወጣሁ። መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጬ ልጄ ከስፌት ቤት ያመጣችውን ቁልፍ ሸሚዝ ላይ እየተከልኩ፣ በውስጥ የብዕሩን ጭረት አዳምጣለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የመጨረሻው ፈተና የራሳቸው ትምህርት ነበር። ሲገቡ ሰዓታቸውን ያያሉ። «የአማቴ መነጽር ጥገና ቤት ነው» አሉኝ። «በቀትር ይዘጋል። ባለቤቴ ‹ያለ መነጽሩ እንዳትመጣ› ብላኛለች።» ሚጣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሆዷ ላይ ባስደገፈችው ጣውላ ስለምትጽፍ ትዘገያለች። ትራሱን ማስተካከል ብቻውን ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ግን «ሰዓቱ የሚቆጠረው ብዕሩ ወረቀት ከነካ ነው» ብለው ጀመሩ።

ቀትር ሲቃረብ በመስኮቱ የሚጣ ድምፅ ተሰማኝ። «መምህር፣ ጨርሻለሁ። ሱቁ ሳይዘጋብዎት ይሂዱ።»

ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማሁ። «ይህ ባዶ ካርታ ምንድነው?»

«እሱን... ተውኩት።»

«ጊዜ አለሽ?»

«ትንሽ አለኝ።»

«እንግዲያው የአንቺ ነው፤ ለሱቅ አትስጪው። ሙዪው።» ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ተመልሰው ተቀምጠዋል።

ሚጣ ሞላችው። ማለፏ የተነገረን ቆይቶ፣ ጀሶው ከወለቀ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን እሳቸው ፖስታውን አሽገው ሲወጡ ቀትር አልፏል። ሰዓታቸውን አይተው ግንባራቸውን መቱ።

«ወይ የአማቴ መነጽር!»

«ሱቁን ይንገሩኝና እኔ ልሂድ» አልኳቸው፤ ከደጄ የማልርቀዋ ሴትዮ።

«ተዘግቷል እማማ። እስከ ሰኞ አይከፈትም።» ወዲያው ሳቅ አሉ። «ግድ የለም። ሁለት ቀን እኔን ሳያዩኝ ቢውሉ ለአማቴ ዕረፍት ነው።»

ትምህርት ተዘግቷል፤ ስልኬም ከእንግዲህ በጠዋት አይጮህም። ሸሚዙን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋቸው። እኚህ ሰው እሳቸውን ሁለት ቀን አለማየት ዕረፍት መስሏቸዋል።